ወደ እግዚአብሔር የምንሄድበት መንገድ ሲዘጋ

ዳዊት የሚደግም ሰው እንደሚያውቀው መዝሙራቱ ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍለዋል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150ው ያልቃል። እሁድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። የሐሙስ ድርሻ ከ81 እስከ 110 ሲሆን መሀሉ ላይ 87ኛው መዝሙር አለ። አንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ 88 ተብሎ ተቆጥሯል።

ይህ መዝሙር ከሌሎቹ የሐዘን መዝሙራት ይለያል። ሌሎቹ በእንባ ጀምረው መጨረሻ ላይ ይመለሳሉ። "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ብሎ የጀመረው 12ኛው መዝሙር እንኳ ሲጨርስ ለእግዚአብሔር ይዘምራል። 87ኛው ግን አይመለስም። ወዳጅም ዘመድም ራቀ ይላል፣ ጨለማ ይላል፣ እዚያው ያቆማል። አባቶቻችን ይህን መዝሙር አልዘለሉትም፤ "ይሄስ ተስፋ ያስቆርጣል" ብለውም አላለዘቡትም። በየሳምንቱ ሐሙስ በአማኙ አፍ ውስጥ አስቀመጡት።

አባዬ ኩላሊቱ መሥራት ካቆመ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ እጥበት ይሄዳል። በሳምንት ሦስቴ ቢሆን ይመረጣል፤ እንደ ብዙ ሰው ግን እኛም የቻልነው ሁለቴ ነው። አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ 87 ላይ የሚደርሰው ማሽኑ ላይ ሆኖ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይደግመዋል። ከጎኑ ተቀምጬ ስሰማው ብዙ ነገር አስቤያለሁ፤ ዛሬ ከዚያ የተወሰነውን ልጽፍ ነው።

በችግር ጊዜ ወደ እግዚአብሔር እንቅረብ ሲባል ምክሩ የታወቀ ነው። ጹሙ፣ ጸልዩ፣ ስገዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሙ። እውነተኛ ምክር ነው። ግን ከባድ መከራ አንዳንዴ መጀመሪያ የሚነጥቀው እነዚህኑ ነው። ወደ እግዚአብሔር የምንሄድበት መንገድ ራሱ ይዘጋል። ያኔ ሰው በምን ይቀርባል?

አባዬ ጾም የሚወድ ሰው ነው። ሁዳዴ ሲገባ ፊቱ ይፈካ ነበር። ከቅዳሜና እሁድ በቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፤ በሰሙነ ሕማማት ከዚያም ያልፋል። እጥበት ሲጀምር የምግብ ነገር ተነገረን። ማሽኑ ቆሻሻውን ሲያወጣ ፕሮቲንም አብሮ ስለሚወጣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ትንሽ ሥጋ ያስፈልገዋል ተባለ። ሽሮና ምስር ፎስፈረስ ስላላቸው ይቀነሱ። ቲማቲም፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው ይቅሩ። ድንች ካስፈለገ ተልጦና ተቆራርጦ ይቀቀል፣ ውኃው ይደፋ፣ እንደገና ይቀቀል። ዝርዝሩን ፍሪጅ ላይ ስለጥፈው የጾም ማዕዳችን ከሞላ ጎደል ክልክል የተባለው ወገን ላይ ሆነ።

በመጀመሪያው ሁዳዴ እናቴ እንቁላል ቀቅላ ነጩን ብቻ ለይታ አቀረበችለት። ሳህኑን አየው። ማንም ምንም አላለም። ማንኪያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የንስሐ አባታችን ቀድመው ፈቅደውለታል፤ የታመመ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም። ፈቃዱ ግን ሐዘኑን አላነሳለትም። ከእግዚአብሔር ጋር የሚገናኝበት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ቋንቋ ነበር የተወሰደበት።

መቆምም ተወሰደ። ከእጥበት በኋላ ደም ግፊቱ ስለሚወርድ ያዞረዋል፤ ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ አይችልም። ስግደትም ቀረ። በግራ ክንዱ ላይ ሐኪሞች ደም ወሳጁንና ደም መላሹን አገናኝተው ፊስቱላ ሠርተውለታል። መርፌው የሚገባው እዚያ ነው። በዚያ ክንድ ዕቃ አይነሳበትም፣ ደም ግፊት አይለካበትም፣ ክብደት አይጣልበትም። ስለዚህ እጁን መሬት ላይ አድርጎ መውደቅና መነሳት የለም። ፊስቱላው መሥራቱን በየጠዋቱ ዳስሶ ማረጋገጥ አለበት። እጄን ይዞ እዚያ ላይ ያስቀምጠዋል። ከቆዳው ሥር ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ሲጠራ እንደሚነዝረው ይነዝራል። "አለ አይደል?" ይላል። "አለ አባዬ" እለዋለሁ። ከዚያ ያማትባል፤ ቀኑን የሚጀምረው በዚህ ነው።

ከሁሉም የከበደው ግን ውኃ ነው።

ኩላሊት ካልሠራ የተጠጣው ውኃ መውጫ የለውም። እግር ላይ፣ ሆድ ላይ ይጠራቀማል፤ ሲብስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ ለአባዬ የፈቀደለት በቀን አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ሾርባው፣ ቡናው፣ መድኃኒት የሚውጥበት ጭምር ነው። እናቴ ጠዋት በላስቲክ ጠርሙስ ትቀዳለትና ቀኑን ሙሉ ከዚያ ይጎነጫል። ማታ ጠርሙሱን ወደ መብራት አንስቶ ምን እንደቀረው ያያል።

በዚህ መሀል አክስቴ ከእንጦጦ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ጸበል ይዛ መጣች። ተሰልፋ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ ታክሲ ቀያይራ ነው ያመጣችው። "በባዶ ሆድ ጠጣው፣ እየጠጣህ ያወጣዋል" አለች። ያመጣችው በፍቅር ነው። እኔ ግን በድንጋጤ ክው አልኩ። እንቢ ብንል እምነት የለሽ መሆናችን ነው፤ እሺ ብንል ደግሞ ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል ልናድር ነው። የንስሐ አባታችን ዘንድ ደወልን። ወዲያው መጡ። ጸሎት አደረሱ፣ ጀሪካኑን ባረኩ፣ ራሱንና ፊቱን ረጩት። ከዚያ የሻይ ማንኪያ አስመጡና በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ አጎነጩት። ወደ አክስቴ ዞረው "እግዚአብሔር በሊትር አይለካም፣ ልጄ" አሏት። አክስቴ አለቀሰች። የቀረውን ጸበል ቤቱን ሙሉ ረጨችው።

ይህን በደንብ ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እጥበት ክፍል ውስጥ ጸበል ብቻ ይበቃል ተብለው መጥፋት ጀምረው፣ በኋላ በወሳንሳ የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ። ያልተመለሱም አሉ። ኤች አይ ቪ ሀገሩን ባስጨነቀበት ዘመን ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬም በየዓውደ ምሕረቱ ደጋግሞ ቢነገር እመኛለሁ።

የተጠማ ሰው ዳዊት ሲደግም መስማት ሌላ ነገር ነው። ማክሰኞ 41ኛው መዝሙር ይመጣል፤ ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ የሚለው። ረቡዕ 62ኛው፤ ውኃ በሌለበት በደረቅ ምድር ነፍሴ አንተን ተጠማች የሚለው። እነዚህን ቃላት ልጅ ሆኜ ነው በቃሌ የያዝኳቸው። ሰንበት ትምህርት ቤት ዘምሬያቸዋለሁ። ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሰው ሲላቸው ሰምቼ ግን አላውቅም ነበር። ሐሙስ ታጥቦ እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ቅዳሜ ማታ ጫማው እምቢ ይላል። እሁድ ጠዋት በሦስት ትራስ ተደግፎ ነው የሚተነፍሰው።

ከእነዚያ እሁዶች በአንዱ፣ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ አባዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጸሎተ ነቢያት ይደግማል። የነቢዩ ዮናስ ጸሎት ላይ ደረሰ። ውኃው እስከ ነፍሴ ድረስ ከበበኝ ይላል። እዚያ ላይ አቆመ። ዳዊቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ጮክ ብሎ መናገር ጀመረ። በግዕዝም አይደለም፣ በመጽሐፍ አማርኛም አይደለም። "ምን አደረግሁህ? ውኃውን የፈጠርከው አንተ። ከውስጥ ታሰጥመኛለህ፣ ከላይ ታስጠማኛለህ። እስከ መቼ ነው?" አለ።

እናቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች፣ አማተበች። "ኧረ ባክህ፣ እንዲህ አይባልም!" አለችው።

"ዳዊት ያለውን ነው ያልኩት" አላት። ትንፋሹ እስኪመለስለት ትንሽ ቆየና "ለማን ልንገር ታዲያ?" አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ዓይነት ማጉረምረም እንዳለ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እያስተዋልኩ መጣሁ። እስራኤላውያን በምድረ በዳ አጉረመረሙ፤ ኦሪት ዘዳግም በየድንኳናቸው ውስጥ ሆነው እንዳጉረመረሙ ይናገራል። ስለ እግዚአብሔር እርስ በርስ ያወራሉ፤ ወደ እርሱ ግን ዞረው አይናገሩም። ሙሴም መሮታል። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ላይ ይህን ሁሉ ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም፣ እንዲህስ ከምታደርገኝ ግደለኝ እስከ ማለት ደርሷል። ቃሉ ከሕዝቡ ቃል የባሰ ነው። ግን የተናገረው ፊት ለፊት ነው። እግዚአብሔርም አልቀሰፈውም፤ ሸክሙን የሚያግዙት 70 ሽማግሌዎች ሰጠው።

እኛ ቤት ድንኳን ውስጥ ማጉረምረም ይበዛል ብዬ አምናለሁ። በአፋችን "ተመስገን" እንላለን፣ ውስጣችን ቂም ይይዛል። ከእግዚአብሔር ጋር ኩርፊያ ላይ ሆነን የምናስቀድስ ስንት አለን? የከፋው ሰው ወዳጁ ፊት ያለቅሳል፤ ባዕድ ፊት ነው "ደህና ነኝ" የሚባለው። አባዬ በዚያ እሁድ የተናገረው ነገር ከእግዚአብሔር ያራቀው አይመስለኝም። 87ኛውም መዝሙር እኮ፣ ያን ሁሉ ጨለማ ሳያወራ በፊት፣ መነሻው ላይ "የመድኃኒቴ አምላክ" ብሎ ነው የሚጠራው። የሚከሰውን በስሙ ያውቀዋል።

ጠያቂ በብዛት ይመጣል። ይህ የሀገራችን በረከት ነው፤ ብቻችንን አልተተውንም። ግን አንዳንድ ጠያቂ ዝምታ አይችልም። "ተመስገን በል፣ ከዚህ የባሰ አለ" ይላል። "ለበጎ ነው" ይላል። "ምን አጥፍተን ይሆን ብላችሁ መርምሩ" ያለም አለ። የኢዮብን ወዳጆች አስባለሁ። ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱና በሚያምር ንግግር እግዚአብሔርን ሲከላከሉለት ምዕራፍ በምዕራፍ ላይ ጨመሩ። ኢዮብ ደግሞ ይጮሃል፣ ይሟገታል፣ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። መጨረሻ ላይ የእግዚአብሔር ቁጣ ማን ላይ ነደደ? ወዳጆቹ ላይ። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ኢዮብንም እንዲጸልይላቸው አደረገው። ይህን ምዕራፍ 42 ላይ ማንም ሄዶ ማንበብ ይችላል።

ሕመምን የእምነት ማነስ አድርጎ የሚሰብክም አለ፤ በሁሉም ቤተ እምነት ውስጥ አለ። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሎ ዘግቶታል። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ይልቅ ስለ ኤልያስ ልናገር። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19። ኤልዛቤል ልትገድለው ስትፈልግ ሸሽቶ በረሃ ገባ፣ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለመነ። እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው ይህን የሚለው። መልአክ መጣ። ስብከት ይዞ አልመጣም፣ ወቀሳም የለም። ራስጌው ላይ የተጋገረ እንጎቻና ማሰሮ ውኃ አስቀምጦ ተነሥተህ ብላ አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ አሁንም ብላ አለው፤ መንገዱ ይበዛብሃል ብሎ። ከዚያ በኋላ ነው 40 ቀን የሄደው፣ ኮሬብ የደረሰው፣ ያንን ለስላሳ ድምፅ የሰማው። መጀመሪያ እንቅልፍና እንጀራ መጣለት።

እጥበት ክፍሉ ውስጥ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አስታማሚዎች ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር እንቀመጣለን። ከክፍለ ሀገር የመጡ ዘመድ የሌላቸው አሉ፤ አራት ሰዓት ሙሉ ምግብ ሳይቀምሱ የሚጠብቁ። አንዲት እናት አለች። ልጇ ነው የሚታጠበው፤ ሻሿ ሁሌም ንጹሕ ነጭ ነው፣ ጣቷ መቁጠሪያ ላይ ነው፣ ሙስሊም ናት። በመጣች ቁጥር ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ትመጣለች። ሳትጠይቅ ትቆርሳለች። ጾም ላይ ከሆንን ታውቃለች፤ "ወተት የለውም፣ ብዪ ልጄ" ትላለች። ከተቀመጥኩበት መነሳት ባቃተኝ ቀን ያቺን ዳቦ በልቼ ነው የተነሳሁት። ለኤልያስ እንጎቻ የላከ አምላክ ለእኔ በማን እጅ እንደላከልኝ አልጠራጠርም።

ስለ ራሴም ልናገር። እጥበቱ ከተጀመረ በኋላ ለብዙ ጊዜ መጸለይ አልቻልኩም። መጽሐፍ እከፍታለሁ፣ ፊደሉን አያለሁ፣ አንድም ቃል ወደ ውስጥ አይገባም። ገንዘብ እያሰላሁ "አባታችን ሆይ" ጨርሼ አገኘዋለሁ። የንቅለ ተከላው ነገርም ያን ሰሞን ነበር ያለቀው። በሀገራችን ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር በደስታ የሰማሁትን ዜና አስታውሳለሁ፤ ለዘመድ ኩላሊት መስጠት ይቻላል። እኔ ልሰጥ ተነሥቼ ነበር። የአባዬ ልብ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም ተባለ። የምሰጠው ነገር ቀረ፣ የምለምነውም ነገር ጠፋኝ።

በዚያ ጊዜ ያቆየኝ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ነው። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፣ በሕዝቡ ብዛት መግባት ቢያቅታቸው ጣራ ነድለው በአልጋው አወረዱት። ጌታ ስለ ሽባው እምነት ምንም አላለም፤ እምነታቸውን አይቶ ይላል ቃሉ። የእነርሱን። ሰውየው የሚያምን ይሁን የማያምን፣ መጸለይ የሚችል ይሁን የደከመው፣ አልተጻፈም። የተጻፈው ወዳጆቹ እንዳልጣሉት ነው። የጽዋ ማኅበራችን እናቶች በየወሩ ሲሰበሰቡ የአባዬን የክርስትና ስም ይጠራሉ፤ ከእሱ ቀጥሎ የእኔን። መጸለይ ያቃተኝን ያን ጊዜ በእነርሱ አልጋ ላይ ነው ያለፍኩት። ጸሎት የከበደው ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ፣ ስምህን ለሚጸልይ ሰው ስጥ። ለዚህ ብርታት አያስፈልግም፣ ስልክ መደወል ይበቃል።

ወደ አባዬ ልመለስ። ባለፈው ሰሙነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን ካልሄድኩ አለ። ይህ ሳምንት በእኛ ሥርዓት የሐዘን ሳምንት ነው። መሳሳም የለም፣ መጨባበጥ የለም፣ መስቀል መሳለም የለም። ግብረ ሕማማት በየሰዓቱ ይነበባል፣ "ኪርያላይሶን" እየተባለ ይሰገዳል። ለማንም "ቶሎ በርታ፣ ፋሲካ እየመጣ ነው" አይባልም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ አልቅሳ ነው ወደ ትንሣኤ የምትደርሰው። ለተቸገረ ሰው ከዚህ ሳምንት የተሻለ ማረፊያ በዓመቱ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ዓርብ በስቅለቱ ዕለት ፕላስቲክ ወንበር ይዘንለት ሄድን። ጥላ ሥር፣ ቅጽሩ አጠገብ አስቀመጥነው። ዙሪያው ሕዝቡ ይወድቃል ይነሳል። እሱ በየጊዜው አንገቱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል። ከቀኑ ሙቀት የተነሳ ምላሱ ከትናጋው ተጣብቋል። ጠርሙሱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ አላወጣውም። ከሰዓት በኋላ "ተጠማሁ" የሚለው የጌታ ቃል ከዮሐንስ ወንጌል ሲነበብ ቀና አለ። እኔ አየሁት። ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

ማታ ላይ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባ ጀርባችንን ቸብ እያደረጉ ለየሰዉ የሚሰግደውን ያህል ይሰጣሉ። የንስሐ አባታችን አባዬ ጋ ሲደርሱ እንደማንኛውም ሰው ቸብ አደረጉት። "ስንት ልስገድ አባ?" አላቸው። አዩት፣ ወንበሩን አዩት። "አንተ ውኃህን እየጾምክ አይደል? ያንን ተቀብሎልሃል። ሌላ አልጨምርብህም" አሉት።

አባዬ መልሱን ቤት እስክንደርስ አልተናገረበትም። ማታ ጠርሙሱን አንስቶ ወደ መብራቱ አየና የቀረውን ሳይጠጣው ተኛ። እናቴ ተቆጣች፤ መድኃኒቱን የሚውጥበት ስለነበር። ተነሥቶ ዋጠ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ውኃው ሲቀዳለት ጠርሙሱ ላይ ያማትባል። ጾሙን የሚጀምረው በዚያ ነው። እንቁላሉንም ያለ ምንም ቃል ይበላል።

በሽታው አልተሻለም። ይህን የምለው እንዲህ ያለ ታሪክ መጨረሻው ላይ ተአምር ስለሚጠበቅ ነው። እሁድ እሁድ አሁንም ትንፋሽ ያጥረዋል። አሁንም አንዳንዴ ከእግዚአብሔር ጋር ጮክ ብሎ ይሟገታል፤ እናቴም መደንገጥ ትታለች። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ላይ ሲሆን ቀና ብሎ የክፍሉን ሰው ያያል። ከዳዊቱ በኋላ የእያንዳንዱን ስም ይጠራል። ክርስቲያኑን በክርስትና ስሙ፣ የዚያችን ሙስሊም እናት ልጅ እናቱ ባወጣችለት ስም። አንድ አልጋ ባዶ ከሆነ ነርሷን ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶ ዝም ይላል፤ ስሙን ግን ከዝርዝሩ አያወጣም። በፊት የሚያስጨንቀው የራሱ ጾምና የራሱ ስግደት ነበር።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ልጅ ገባ፤ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ፊስቱላ ገና ስላልተሠራለት አንገቱ ላይ ቱቦ አለ። ፈርቷል። አባዬ ከጎኑ ሆኖ የጥሙን ነገር ሲያስረዳው ሰማሁ። አፍህን ተጉመጥመጥና ትፋው፣ በረዶ ቆርጠህ አፍህ ውስጥ ያዝ፣ ጨው ቀንስ፣ ጨው ነው የሚያስጠማህ። ልጁ ያዳምጣል። ትንሽ ቆይቶ ልጁ፣ አባዬ በእጁ የያዘውን ዳዊት አየና "እኔ እንኳን ጸሎት አላውቅም አባባ" አለው።

"እስከ መቼ ማለት ታውቃለህ?"

"እሱንማ ቀኑን ሙሉ ነው የምለው።"

አባዬ መዝሙር 12ን አወጣለትና አነበበለት። ልጁ ግዕዙ አልገባውም። አሁን ትእዛዝ ተሰጥቶኛል፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከሚሸጡት ውስጥ አማርኛውን፣ ፊደሉ ትልልቅ የሆነውን ፈልጌ ሰኞ ይዤለት እሄዳለሁ።